«ምንም» የሚባል አገልግሎት፦ ስለ አቃቂ ወንዝ ዳርቻ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችንና ለአጎራባች አስተዳደሮች የመሬት፣ የአካባቢ ጥበቃና የወንዝ ዳርቻ ልማት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የአቃቂ ወንዝ ረግረጋማ ዳርቻ ሳይሞላና ሳይሸነሸን እንዲጠበቅ፣ ነዋሪው ለዚሁ ያዋጣው ገንዘብም ሥራ ላይ የሚውልበት ሕጋዊ መንገድ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ እኔና ሁለት የእድራችን አባላት በአንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ወረፋ ይዘን ቆመን ነበር። የሄድነው ከሰፈራችን በታች፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ ክረምት ውኃ የሚተኛባትና በጋ ቄጠማ የሚታጨድባት ቁራሽ መሬት በሊዝ ልትሰጠን ትችል እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና ተቀብሎን ቅጽ አወጣና ስማችንን፣ አድራሻችንን፣ የቦታውን ግምታዊ ስፋት እየጠየቀ ሞላ። «የሚፈለግበት አገልግሎት» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ «ምን ልትሠሩበት ነው?» አለን። ከሦስታችን በዕድሜ ታላቅ የሆኑት ጋሼ ሳያቅማሙ «ምንም» አሉት። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባቴ፣ ምንም የሚባል አገልግሎት እኮ የለም።»

ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። በልጁ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የነገረን እውነቱን ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሬት ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለትምህርት፣ ለጤና እየተባለ ለየአገልግሎቱ የዘመን ልክ ተቆርጦለታል፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለከተማ ግብርና 15 ዓመት እየተባለ። ቦታ ወስዶ በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ ያልጀመረ ሰው ደግሞ ውሉ ይቋረጥበታል። አጥሮ ዋጋ እስኪወጣለት የሚጠብቀውን ለመግታት የተደነገገ በመሆኑ ዓላማውን እደግፋለሁ፤ በእኛው አካባቢ በቆርቆሮ ታጥረው ለዓመታት ጦማቸውን ያደሩ ቦታዎች ሞልተዋል። ችግሩ ረግረግ መሬትም በዚሁ ሚዛን ሲመዘን «ጦም ያደረ» መባሉ ነው። እኔ ግን በአካባቢያችን እንደ እሱ ቀን ከሌሊት የሚሠራ መሬት አላውቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የወንዝን ዳርቻ ለወንዙና በዳርቻው ለሚኖረው ፍጥረት መተው ራሱን የቻለ የመሬት አገልግሎት ሆኖ በፕላንም በመዝገብም እንዲታወቅ፣ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት የሚፈልግ ነዋሪም በደላላ ጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊት በር እንዲገባ።

ቦታውን የማታውቁት ካላችሁ ትንሽ ልግለጽ። ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ምሥራቅ ተነሥተው፣ የመጀመሪያው 40፣ ሁለተኛው 53 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሁለቱም አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በመንገዳቸው የቀበናንም፣ የቡልቡላንም፣ ስም የሌላቸውን የየሰፈሩን ቦዮችም ውኃ ይዘው ነው የሚመጡት። ከአቃቂ ባሻገር መሬቱ ሜዳ ይሆናል፤ አፈሩም መረሬ ነው። መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ ክንድ ያስገባል። በክረምት ወንዙ ከአፉ ሞልቶ ሲወጣ ውኃው በዚህ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ሲተኛ ጉልበቱ ይበርዳል፣ ከላይ ጠርጎ ያመጣውን ደለል ያራግፋል፣ በቄጠማውና በፊላው ሥር እየተጣራ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይህ ቦታ ከተሞላ ውኃው መተኛው ቀረበት ማለት እንጂ ቀረ ማለት አይደለም፤ በጉልበቱ እንዳለ ወደሚቀጥለው ሰፈር ይሄዳል። አባ ሳሙኤል በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነበር፤ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ የነበረው ጣቢያ ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሷል። ያ ሐይቅ ዛሬ በደለልና በእምቦጭ ምን ያህል እንደተጨነቀ ዳር ቆሞ ያየ ሰው፣ ከላይ ያሉት ረግረጎች ደለል ማራገፋቸው ስንት ብር እንደሚያወጣ ራሱ ሊገምት ይችላል። ከተማዋ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ ከአቃቂ ከርሰ ምድር በጉድጓድ የሚወጣ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ጡረታ እስክወጣ የባዮሎጂ መምህር ስለነበርኩ ለወፎቹ አደላለሁ፤ ይታወቅልኝ። የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረጎች ለወፎች ወሳኝ ከሆኑ የአገራችን ቦታዎች አንዱ ተብለው በዓለም አቀፍ መዝገብ ሰፍረዋል። ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የትም አይገኝም፤ እዚህ ግን ከበግ መንጋ አጠገብ ሣር ሲግጥ ይታያል። ጋጋኖውን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም፤ በማለዳ በጣሪያችን ላይ እየጮኸ ሲያልፍ እንነቃለን። የእኔ ልብ ያለው ግን ከኅዳር ጀምሮ ከሩሲያ አገር በሚመጡት፣ የወፍ አጥኚዎች ክሬን በሚሏቸው ረጃጅም ወፎች ላይ ነው። አመሻሽ ላይ በትልልቅ ቡድን ሆነው ይመጡና ውኃው ከቁርጭምጭሚታቸው እምብዛም በማያልፍበት ቦታ ላይ በአንድ እግራቸው ቆመው ያድራሉ። ይህን የሚያደርጉት ጅብና ቀበሮ ውኃውን ሲያንቦራጭቅ እንዲሰሙ ነው። ሲነጋ አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ ይነሣና የጤፍና የሽምብራ ቃርሚያ ፍለጋ ወደ ማሳው ይሄዳል። ለእነዚህ ወፎች የእርሻው ማሳ ቀለብ ነው፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ ደግሞ መኝታ። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም። የምንነጋገርባት መሬት የእነዚህ ወፎች መኝታ ክፍል ናት።

አሁን በዚያች መሬት ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ከሕንፃ መሠረት የተቆፈረ አፈር የጫነ ገልባጭ መኪና ማታ ይመጣል። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባውቅም በዚህ ደብዳቤ አልጽፈውም። አንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ፣ ሳምንት ዝም፣ ከዚያ እንደገና ይመጣል። የመጀመሪያው ክምር ቄጠማውን ይጫነዋል፤ ዝናብ ይመታውና ይነጠፋል፤ በላዩ ላይ አሜኬላና አረም ይበቅልበታል። በሁለተኛው ዓመት «ይሄማ ደረቅ መሬት ነው» የሚል ሰው ይመጣል፣ በሦስተኛው ችካል ይተከላል፣ በአራተኛው ቆርቆሮ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን እያሳሳቀ የሚወሰደው ውኃው ራሱ ነው። ባለፈው የትንሣኤ ዋዜማ ለበዓል የሚሸጥ ቄጠማ የሚያጭዱ ሴቶች ማጭዳቸውን ይዘው በለመዱት መንገድ ሲወርዱ የክምሩ ጥግ ላይ ቆመው አየሁ። አንደኛዋ አፈሩን በእግሯ መታ አድርጋ «ዘንድሮ ቄጠማ ከወዴት ሊመጣ ነው?» አለች። የከተማው ሰው ቡና ሲያፈላ ቤቱ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከሱፐርማርኬት እንደማይመጣ የሚያስታውሰን ሰው ያስፈልገን ነበር።

መጀመሪያ ያሰብነው እንደ ማንኛውም ሰው መግዛት ነበር። ከየቤቱ አዋጣን፤ የተሰበሰበው ዛሬ አንዲት ኮንዶሚኒየም የማይገዛ ቢሆንም ለእኛ ብዙ ነው። ከባለ ይዞታዎቹ አንዱ የሆኑትን አዛውንት ልናነጋግር ሄድን፤ የመንደር ውል የሚያጽፍ ደላላም አብሮን ነበር፣ አፍሬ እናገራለሁ። አዛውንቱ ቡና አቅርበው ሰሙንና «ልጆቼ፣ እኔ ብሸጥላችሁ መሬቱ መሸጥን ለመደ ማለት ነው። እናንተ ስታልፉ ልጆቻችሁ ይሸጡታል» አሉን። ደላላው ሊከራከራቸው ሞከረ፤ እኔ ግን መልስ አጣሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 «መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ» ሲል የደነገገውን እኚህ አባት በራሳቸው ቋንቋ ነገሩኝ። የመንደር ውሉን ያን ዕለት ተውነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ነገር የሄደበት መንገድ በአብዛኛው የመግዛት መንገድ ነው። እንግሊዝ አገር ናሽናል ትረስት የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1899 በዊከን ፌን ረግረግ 2 ኤከር መሬት በ10 ፓውንድ ገዝቶ ጀመረ፤ ያ ቦታ ከመቶ ዓመት በኋላም በጥበቃ ላይ ነው። በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት የፕላት ወንዝ ዳር ደግሞ የእኛዎቹን የሚመስሉ ክሬኖች በየጸደዩ በመቶ ሺዎች ይሰፍራሉ፤ ሌሊት ጥልቀት በሌለው ወንዝ ያድራሉ፣ ቀን የበቆሎ ቃርሚያ ይለቅማሉ። ኦዱቦን የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1974 በኑዛዜ ባገኘው ገንዘብ የወንዙን ዳር ገዝቶ ጥብቅ ቦታ አደረገው። ከዚህ ይልቅ ለእናንተ ሥራ የሚቀርበው ግን ከ4 ዓመት በኋላ የተደረገው ነው። በላይኛው ተፋሰስ ግሬይሮክስ የሚባል ግድብ ሊሠራ ሲል የታችኞቹ ሰዎችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ከሰሱ፤ ክርክሩ በዕርቅ ሲያልቅ ግድቡ እንዲሠራ ተፈቀደ፣ ነገር ግን 7.5 ሚሊዮን ዶላር ለክሬኖቹ መኖሪያ ጥበቃ የሚውል የአደራ ገንዘብ ሆኖ ተቀመጠ። በላይ ያለው ውኃውን ሲነካ በታች ላለው ዳርቻ ይክፈል ማለት ነው። ፕላት ላይ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ውኃው በየግድቡ ስለቀነሰ የወንዙ አሸዋ በቁጥቋጦ እየተሸፈነ አስቸገረ፤ መሬቱን የገዙት ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ በማሽን እየመነጠሩ ነው። ካርታ መያዝ ብቻውን ወፍ አያሳድርም።

የእነሱን መንገድ እንዳለ መቅዳት አንችልም፤ የሚያስፈልገንም አይመስለኝም። የእኛ አገር ሰው ሳይገዛና ሳይሸጥ መሬት መጠበቅ ያውቅበታል። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ በተባሉ የአካባቢው ቀደምት አባቶች ዘሮች ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ የጋራ መሬት ነው፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚታጨደው ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ እዚያ አሉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የድሮውን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በኋላ በመተዳደሪያ ደንብ አድሶ መልሶታል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በርጋ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከአዲስ ዓለም አጠገብ። እዚያ ያለው ረግረግ በዓለም ላይ ከመጥፋት አፋፍ የደረሰች፣ ከድርጭት የማትበልጥ፣ ነጭ ክንፍ ያላት አንዲት ወፍ በክረምት ረጅሙ ሣር ውስጥ የምትፈለፍልበት ቦታ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ታወቀ። ገበሬዎቹን ማንም አላስነሣም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪው ጋር ተነጋግሮ የአካባቢው ሰዎች የጥበቃ ቡድን አቋቋሙ፤ ወፏ ጫጩቶቿን እስክታወጣ ከብት እንዳይገባ፣ ሣሩም እንዳይታጨድ ተስማሙ፤ ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ድጋፍም ልጆቻቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተሠራላቸው። መሬቱ በፊትም የእነሱ ይዞታ ነበር፣ በኋላም የእነሱ ነው። የተለወጠው የማጨጃው ቀን ነው።

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ባለ ይዞታው ይቆይ፤ ይዞታው አይነካ። እኛ ያዋጣነው ገንዘብ ዳርቻውን ላለመሙላት፣ ላለመሸንሸንና እስከ ኅዳር አጋማሽ ላለማጨድ ለሚስማማ ባለ ይዞታ በየዓመቱ የሚከፈል ይሁን፤ ውሉም በእናንተ ፊት ተፈርሞ በይዞታ መዝገቡ ላይ ይጻፍ፣ ልጁም ወራሹም እንዲያውቀው። ለመለኪያው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሣ አርሶ አደር ባለፉት 3 ዓመታት ያገኘውን ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ካሳ ይሰጠዋል፤ የገቢ ስሌቱ በእጃችሁ ያለ፣ የተለማመዳችሁት ነው። ይህ ስሌት ለሚነሣው ሰው ከሠራ፣ ላለመነሣት ለሚስማማውስ እንዳይሠራ ምን ይከለክለዋል? ገንዘቡ የእድራችን ሊቀ መንበር ኪስ ውስጥ እንዲቀመጥ አንፈልግም (ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝና)፤ ነዋሪው፣ ባለ ይዞታዎቹና ወረዳው በጋራ የሚፈርሙበት ዝግ ሒሳብ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት በወንዙ ላይ ብክለት ከሚያደርሱት የሚሰበሰበው ቅጣትም ከፊሉ ወደዚሁ ሒሳብ ቢገባ፣ ነብራስካ ላይ እንደሆነው፣ የላይኛው የታችኛውን ዕዳ በከፊል ከፈለ ማለት ነው።

የአቃቂ ሜዳ ከፊሉ በአዲስ አበባ፣ ከፊሉ በኦሮሚያ ክልል ነው፤ ደብዳቤውን ለሁለታችሁም የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። አንደኛው ዳር ተጠብቆ ሌላኛው ከተሞላ ጎርፉ ወደተጠበቀው ይገፋል፤ ያኔ ጥበቃው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ይከሰሳል።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ከተማው የወንዝ ዳርቻውን እያለማ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። እያለማ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን የሚመለከት ነበር፣ የለማውም ቦታ ላይ ቅዳሜ ከልጅ ልጆቼ ጋር እሄዳለሁ፤ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ዳርና በየሳምንቱ የሚታጨድ ሣር ለእግረኛ እንጂ ለዝይ አይሆንም። መሐል ከተማ ላይ ለሰው የሚሆነው ይሠራ፤ ከከተማው ጠርዝ ላይ፣ ወንዙ ገና መስፋት በሚችልበት፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይነካ ቢቀር ዕቅዱ ሙሉ ይሆናል እንጂ አይጎድልም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ውኃው የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭና የፍሳሽ ቆሻሻ ይዞ እየመጣ ዳርቻውን መጠበቅ ምን ያደርጋል የሚል ነው። እውነት ነው፤ በጥር አንዳንድ ቀን ሽታው ከወፎቹ ቀድሞ ይቀበላችኋል። ግን ውኃው አንድ ቀን ይጸዳል፤ ሕጉም ሥራውም ተጀምሯል። የተሞላና የተገነባበት ረግረግ ግን ውኃው በጸዳ ማግስት ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ቦታው እንዳያልፈን፣ ማጽዳቱ ጎን ለጎን።

መልስ በጽሑፍ ብትሰጡን በእድሩ ስብሰባ ላይ እናነባለን። ከዚያ በፊት ግን ቦታውን እንድታዩት እንጋብዛችኋለን። በጥር የውኃ ወፎች ቆጠራ ሰሞን፣ ከሁለታችሁም በኩል ውሳኔ መስጠት የሚችል አንድ አንድ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቢመጣልን ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ እንጠብቃለን። ከውኃው ዳር ጭቃው ጫማ ስለሚይዝ ቦት ጫማ ማድረግ ይሻላል፤ መኪናችሁን ከአስፋልቱ አታውርዱ። ሻይና ዳቦ በእኛ በኩል ነው፤ አዛውንቱም አሉ። ከመስኮቱ ያን ቅጽ አንድ ቅጂ ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ፣ «አገልግሎት» የሚለውን መስመር እዚያው ቆመን እንሞላዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህርና የእድር ሊቀ መንበር
ከአቃቂ ወንዝ ዳር